የቆጣሪ አንባቢው ሁለተኛ መጽሐፍ

ቨርሊን ስትሮብል በከተማችን ያልገባበት ምድር ቤት አልነበረም። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በየሦስት ወሩ በራችንን ያንኳኳል፤ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ጠርጎ "የውሃ ነው" ይላል፤ ደረጃውን ወርዶ በባትሪው ቆጣሪውን ያይና ቁጥሩን አረንጓዴ ደብተሩ ላይ ጽፎ ይወጣል። ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። የማን ምድር ቤት ውሃ እንደሚያሰርግ፣ ማን ከሚስቱ ደብቆ ጠርሙስ እንደሚያስቀምጥ፣ ማን የሞተ ልጁን ብስክሌት እስካሁን እንዳልጣለ ያውቅ ነበር። ለማንም አያወራም፤ የሚያወራለትም ሰው አልነበረውም። እንደኛ ባለች ትንሽ የዊስኮንሲን ከተማ ሰው ሁሉ ስሙን ያውቃል። ግን "ቨርሊን፣ ዓርብ ዓሣ ጥብስ ልንበላ ነው፣ ና" ያለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኔም ብሆን አላልኩትም።

እኔ አርደን ነኝ። ሐይቁ ዳር የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ነበረኝ፤ ትልና ለመንጠቆ የሚሆኑ ትናንሽ ዓሦች እሸጥ ነበር። ስለ ቨርሊን መጻፍ የነበረበት ሌላ ሰው ነው፤ ግን ሌላ ሰው የለም። እኔው እጽፈዋለሁ። ቢያመኝም ይበለኝ።

የተዋወቅነው ኦርቪል ሃውግ ምድር ቤት ነው። ኦርቪል በሥራ ቀን የእንጨት ሥራ አስተማሪ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የኛ አጫዋች ነበር። ጨዋታው ያኔ ገና አዲስ ነው። የሚፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ብቻ ነው፤ ዳይስ ማለት ቁጥር የተጻፈበት ብዙ ገጽ ያለው የሚጣል ጠጠር ነው። አጫዋቹ ዋሻውን፣ ከተማውን፣ ጭራቁን ይተርካል፤ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እዚያ ዓለም ውስጥ እንገባለን፤ ይሆናል አይሆንም የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። የኦርቪል ሚስት ማርሊስ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳው፣ ጦረኛ ነበረች። እኔ አስማተኛ ነበርኩ፤ የማልረባ አስማተኛ።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ ከኦርቪል ጋር እንጨቃጨቃለን።

"እንደገና እሳት እወረውርበታለሁ!" አልኩት።

"አትችልም። ቅድም ወርውረሃል፤ አልቋል።"

"እንዴት ያልቃል? ቅድም የማውቀውን አሁን እንዴት አላውቅም? ሰው ስሙን አንዴ ከተናገረ በኋላ ይረሳዋል?"

"ይረሳዋል" አለ አንድ ድምፅ ከጥግ። ሦስታችንም ዞር አልን። ቆጣሪ አንባቢው ነው። በሥራ ቀን ሰው ያጣባቸውን ቤቶች ቅዳሜ ይዞራል፤ በጓሮ በር ገብቶ እንደወረደ እንኳ ልብ አላልንም። ባትሪውን እንደያዘ ጆሮው ቀላ። "ይቅርታ። ማለቴ፣ አስማተኛ ጠዋት ተነስቶ መጽሐፉን ገልጦ ለቀኑ የሚሆነውን ድግምት ያጠናል። አንዱን ሲናገረው ከጭንቅላቱ ይወጣል። ተመልሶ መጽሐፉን እስኪያነብ ድረስ እንደማንም ሰው ነው።"

ኦርቪል በእርሳሱ ጠረጴዛውን መታ። "አየህ? ቆጣሪ አንባቢው ያውቃል፣ አንተ አታውቅም።"

"አንተ ደግሞ ከማን ጋር ትጫወታለህ?" አለችው ማርሊስ።

"ከማንም። የሕጉን መጽሐፍ በፖስታ አስመጥቼ አነባለሁ።"

"ስንት ጊዜህ?"

"ሁለት ዓመት።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ጓደኛ የሚጠይቅ ጨዋታ ሕግ ብቻውን ሲያነብ ከርሟል። ማርሊስ የመሣሪያውን ሳጥን በእግሯ ገፋ አድርጋ ቦታ አስለቀቀችለት። እኔ አስማተኛዬን እንደ ውርስ ሸክም አስረከብኩትና ሌባ ሆንኩ። ሌባዬን ሬንክ አልኩት፤ ከጠባዬም ጋር እሱ ይስማማ ነበር። ቨርሊን የአስማተኛውን ስም ታልማር አለው።

ታልማር በኔ እጅ ሳለ ስለ መጽሐፉ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ቨርሊን ግን ሌላ ነገር አላሰበም። "እናንተ የምትችሉት ነገር ሰውነታችሁ ውስጥ ነው" ይለን ነበር። "የማርሊስ ጉልበት ክንዷ ላይ ነው። የአንተ ቅልጥፍና ጣትህ ላይ ነው። ሰይፏ ቢሰበር ሌላ ታነሳለች። ታልማር ግን መጽሐፉ ከጠፋ ካባ የለበሰ ሽማግሌ ነው።" ይህን የሚለው ቅር ብሎት አልነበረም፤ የሚወደውም ስለዚሁ ነበር።

ኦርቪል ደግሞ ሌላ አጫዋች ቤት የሌለ የራሱ ሕግ ነበረው። አንደኛ፣ አስማተኛ የሚያውቀው በገዛ እጁ ደብተር ላይ የጻፈውን ድግምት ብቻ ነው፤ ደብተሩን ቤቱ ረስቶ ከመጣ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ይውላል። ሁለተኛ፣ በጨዋታው ውስጥ የጠፋ ነገር ከጠረጴዛውም ይጠፋል። የጠፋው ሰይፍ ወረቀት፣ የሞተው ፈረስ ሥዕል፣ ሁሉም ጥግ ካለው የእንጨት ምድጃ ይገባል። ማርሊስ ለፈረሷ አልቅሳለች፤ ትልቅ ሴትዮ። ኦርቪል "የማይጎዳ ነገር አይታወስም" ይላል።

ቨርሊን የውሃ መሥሪያ ቤቱን አረንጓዴ ደብተር ነበር የታልማር መጽሐፍ ያደረገው። ሽፋኑ እርጥበት አያስገባም። ቀጥ ባለ ጽሕፈቱ እያንዳንዱን ድግምት አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ቅዳሜ ከሁላችን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይመጣና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያጠናል።

"ፓስተሩ ስብከታቸውን አጥንተው ጨረሱ?" እለዋለሁ ደረጃውን ስወርድ።

"አርደን፣ አንተ መንጠቆ ረስተህ ዓሣ ልታጠምድ የምትሄድ ሰው ነህ" ይለኛል፣ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ። በዚያ ምድር ቤት ቨርሊን ይመልስ ነበር። ውጭ መንገድ ላይ ብታገኘው ግን "ደህና ዋልክ" ብሎ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ሱቄ መጣ። ትል የማስቀምጥባቸው ባልዲዎች መሃል ቆሞ ከኮቱ ውስጥ ሌላ አረንጓዴ ደብተር አወጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሁለተኛው ነው። አስተዋይ አስማተኛ በአንድ መጽሐፍ አይተማመንም። በጋውን ሙሉ ስገለብጠው ነበር። ታልማር ለሬንክ አደራ ሰጥቶታል፤ አንተ ደግሞ ደብተሩን እቤትህ ታስቀምጥልኛለህ።"

"ለሌባ? ለማርሊስ አትሰጣትም?"

"ሌባ የት እንደሚደበቅ ያውቃል" አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ "ደግሞ ከእናቴ ሌላ የምሰጠው ሰው የለኝም። እሷ ዓይኗ አያይም" አለኝ።

"እንግዲህ ዓሣ ዓሣ ቢሸትህ አትማረር" አልኩትና ደብተሩን ተቀበልኩት። ከወጣ በኋላ ብዙ ደቂቃ ይዤው ቆሜያለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከበደኝም።

እናቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ቨርሊን አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ከእናቱ ቤት ወጥቶ አድሮ አያውቅም። ሐሙስ ቀበርናት። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ እንደ ወጉ ሳንድዊች ተበላ፤ ቨርሊን ከሰው ተለይቶ ቆጣሪው ያለበት ግድግዳ አጠገብ ቆሞ አየሁት፤ የለመደው ቦታ ያ ነበር መሰለኝ። ቅዳሜ አልመጣም። እኛ ግን ተጫወትን። መቅረት እንችል ነበር፤ አልቀረንም።

በዚያ ቀን ሬንክ ብቻውን ገበያ ወጣ። አንድ ነጋዴ፣ በጣቱ ያጠለቀውን ሰው የሚሰውር ቀለበት አሳየው። ዋጋው ወርቅ አልነበረም። "የአስማተኛ መጽሐፍ ካለህ እለውጥሃለሁ" አለ ኦርቪል በነጋዴው ድምፅ። ለቀልድ ያመጣው ነገር ነው፤ እሺ እላለሁ ብሎ አላሰበም።

"አለኝ" አልኩ።

ማርሊስ እርሳሷን አስቀመጠች። "አርደን፣ የሱ ነው እኮ።"

"ሬንክ ሌባ ነው። ሌባ ምን እንዲሠራ ትፈልጊያለሽ?"

"እርግጠኛ ነህ?" አለ ኦርቪል፣ አሁን በራሱ ድምፅ። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ አዎ አልኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሬንክ ወረቀት ጋር ይዤው ስለምመጣ ደብተሩ ከኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሕጉ ሕግ ነውና ተነስቼ በገዛ እጄ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። የውሃ መሥሪያ ቤት ሽፋን ቶሎ አይያዝም፤ በብረት መቆስቆሻ ገፋሁት። ሳቅኩም። መሳቄን መደበቅ እችል ነበር፤ ግን ስቄያለሁ።

ለምን እንዳደረግኩት ብዙ አስቤበታለሁ። ቀለበቱን ፈልጌ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። ሌላው እውነት ደግሞ፣ ሰው ሲያምነኝ ቶሎ ማሳፈርና መገላገል የምፈልግ ሰው ነኝ። ሁለት ጊዜ ያገባሁትም ሁለት ጊዜ የተፈታሁትም በዚሁ ነው።

በሳምንቱ ቨርሊን መጣ። "ለቀብሩ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ" አለን፤ ሱፍ ልብሱን እንደለበሰ ነበር። በዚያ ቀን ይነገረዋል? አልነገርኩትም። በቀጣዩም አልነገርኩትም። ማርሊስ በየሳምንቱ ደረጃው ላይ ትይዘኛለች፤ "ነገርከው?" "ዛሬ አይሆንም።" "ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።" እሷም አልነገረችውም። ኦርቪልም። ሆድ ይፍጀው አልን። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት አለፈ፤ ቨርሊን በየቅዳሜው ከሚያውቁ ሦስት ሰዎች ጋር ሳያውቅ ተቀመጠ።

የዘንዶው ቀን የመጣው የካቲት ላይ ነው። ፍርስራሽ ግንብ ጫፍ ላይ ወጥተን ሳለ ዘንዶው እሳቱን ለቀቀብን። ታልማር ተርፏል፤ የመጽሐፉ ዕጣ ግን በዳይስ የሚወሰን ነበር።

"ከአሥር በላይ ካወጣህ መጽሐፉ ይተርፋል" አለ ኦርቪል።

ቨርሊን ጣለ። አራት።

አምስት ዓመት የጻፈው ደብተር ነው። ኦርቪል መነጽሩን አወለቀ። "ቨርሊን፣ ይሄንን እንዳልሆነ እንቁጠረው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"ሕግማ ሕግ ነው" አለ ቨርሊን። ተነሳ፣ ደብተሩን አንዴ ገለጥ ገለጥ አደረገው፣ ምድጃው ውስጥ ጨመረው፣ በሩን ዘጋው። ተመልሶ ሲቀመጥ ፈገግ ብሎ ነበር። አምስት ዓመት ሲዘጋጅለት የኖረው ቀን ነዋ። "ሁለተኛው የተጻፈው ለዚሁ አይደል? አርደን፣ ነገ ሱቅህ እመጣና እወስደዋለሁ።"

አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይባላል። እኔ ግን የማየው ጠረጴዛውን ነበር።

"የለም" አልኩት።

"እቤት ነው?"

"የለም፣ ቨርሊን። ሬንክ ሸጦታል። እኔም አቃጥዬዋለሁ።"

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ የት መሄድ እንዳለበት ያልገባው ይመስል ፊቱ ላይ ቆየ። "መቼ?"

"ያኔ... እናትህን የቀበርን ሳምንት። ቅዳሜውን።"

ማርሊስን አያት። ኦርቪልን አየው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው። የኔ መሸጥ ሳይሆን፣ የሁላችንም ማወቅ ነው የሰበረው። አጠገቡ ነበርኩ፤ አየሁት።

"በምን ሸጥከው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"በቀለበት።"

"ጠቀመህ?"

"አንድ ቀንም አላደረግኩትም።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ኦርቪል ዞሮ "እንቀጥል፤ ዘንዶው አልሞተም" አለ። ቀጠልን። ምን ይደረጋል? የዘንዶው ጅራት ሬንክን መታውና ከግንቡ ጫፍ ወረወረው። ዳይሴ አላዳነኝም። ኦርቪል "ሬንክ ይወድቃል፤ ከታች ድንጋይ ነው" ብሎ ሊዘጋው ሲል ቨርሊን እጁን አነሳ።

"ታልማር ጠዋት ካጠናው አንድ ቀርቶታል። እንደ ላባ የሚያወርደው።"

"ቨርሊን" አለች ማርሊስ፣ "እሱን ከተናገርከው ምንም አይቀርህም።"

"አውቃለሁ።"

ሬንክ እንደ ላባ ወረደ። ጭረት እንኳ አልነካውም። ቨርሊን እርሳሱን ሳጥን ውስጥ መለሰ፣ ዳይሱን ሰብስቦ ለኦርቪል ሰጠው፣ ኮቱን ለበሰ። "መጽሐፍ የሌለው ሽማግሌ ለመንገደኛ ሸክም ነው" አለና ደረጃውን ወጣ። የፊት በሩ ሲዘጋ ሰማን። ከኋላው የሮጠ ሰው ቢኖር ኖሮ ስሙን እዚህ እጽፍ ነበር።

አልተመለሰም። በሦስተኛው ሳምንት ራሴን መጥላት ሲሰለቸኝ ደብተር ገዝቼ የኦርቪልን የሕግ መጽሐፍ ተዋስኩና ድግምቶቹን አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመርኩ። እኔ ከሱቅ ደረሰኝ በስተቀር ምንም ጽፌ የማላውቅ ሰው፣ ሱቁን ዘግቼ እስከ ትንሣኤ ድረስ ጻፍኩ። ይዤው ቤቱ ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ግባ አላለኝም፤ ከኋላው የእናቱ ወንበር ብርድ ልብሱ እንደታጠፈ ይታየኛል።

ደብተሩን ተቀብሎ ቆሞ ገለጠው። እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

"ቁልፍ የሚከፍተውን ሁለት ጊዜ ጽፈኸዋል" አለኝ።

"ይቅርታ። ይቅርታ የምለው ግን ለሱ አይደለም።"

"ገብቶኛል።" ደብተሩን ዘጋው። "አርደን፣ ድግምቱማ የሕጉ መጽሐፍ ላይ አለ። ማንም ሱቅ ገብቶ ይገዛዋል። እኔ የፈለግኩት የኔ የሆነ አንድ ነገር ሌላ ሰው ቤት መኖሩን ነበር። ስተኛ፣ 'አንድ ነገሬ አርደን ጋ አለ' እያልኩ ነበር የምተኛው። እናቴ ከሞተች በኋላ ደግሞ በየቀኑ። ቂልነት ነው።"

"ቂልነት አይደለም።"

"አልተቀየምኩህም። ግን አሁን አንተ ጋ የማስቀምጠው ነገር የለኝም።"

ደብተሩን በሁለት እጁ መለሰልኝና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አደራ በላ ቢለኝ፣ መንገድ ላይ ቢተፋብኝ፣ አንድ ቀን ቢራ ይዤ ሄጄ እንታረቅ ነበር። ለጨዋ ሰው ምን ይደረጋል?

የኦርቪል ጠረጴዛ በዚያው በጋ ተበተነ። ቨርሊን ግን ከተማው ውስጥ ነው፤ የት ይሄዳል? በየሦስት ወሩ ይመጣል፣ ጫማውን ይጠርጋል፣ "የውሃ ነው" ይላል፣ ይወርዳል፣ ይጽፋል፣ ይወጣል። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ "እንዴት ነህ?" ስለው "ደህና፤ ቧንቧህ ጋ እርጥበት አለ፣ ተመልከተው" ይለኛል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሱቄ እየመጣ ትናንሽ ዓሣ ይገዛል፤ ሐይቁ በብርድ በረዶ ሲሆን እላዩ ላይ የሚያቆማት፣ በረዶውን በስቶ የሚያጠምድባት ከእንጨት የሠራት ጎጆ ነበረችው። ቅዳሜ ከሰዓት ከሱቄ መስኮት ጭሷ ይታየኛል። የማጥመጃ ጎጆ ሁለት ሦስት ሰው ተሰብስቦ ቢራ የሚጠጣበት ነው። የሱ ግን ከሌሎቹ ርቃ ትቆም ነበር።

ከተለየን በአራተኛው ክረምት፣ የካቲት ላይ፣ አልቻልኩም። ሲታኘክ ጥርስ ላይ ሲጥ ሲጥ የሚለውን የአገራችንን አዲስ አይብ በከረጢት ገዛሁና በበረዶው ላይ በእግሬ ወደ ጎጆዋ አቀናሁ። ፀሐይ ነበር፤ ነፋስ የለም። እየቀረብኩ ስሄድ ከውስጥ ሰው ሲነጋገር ሰማሁ። ሳቅ አለ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው፤ ሌሎች ሰዎች አገኘ አልኩ። ቀጥሎ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ በረዶውን አየሁት። ወደ ጎጆዋ የገባው ዱካ የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ቆምኩ። እንጨት ላይ ዳይስ ሲንከባለል ሰማሁ። አንድ ወፍራም ድምፅ ስለ አንድ ወንዝና ስለ ተሰበረ ድልድይ ይተርካል፤ ኦርቪል ነው፤ ማለቴ ቨርሊን ነው፣ እንደ ኦርቪል እየጎተተ የሚያወራ። ዳይስ ተጣለ። በሱ አፍ ማርሊስ በሰይፏ ገመድ ቆረጠች። ዳይስ ተጣለ። ፈጠን ያለ፣ የሚያሾፍ፣ በአፍንጫ የሚወጣ ሌላ ድምፅ መጣ፤ እስክገነዘበው ጥቂት ቆየሁ። የኔ ነው። እንደዚያ እንደማወራ አላውቅም ነበር።

"ሬንክ" አለ ቨርሊን በራሱ ድምፅ። "መጽሐፌ ተቃጥሏል። ሁለተኛውን አምጣልኝ።"

ለሁሉም ነገር ዳይስ የሚጥለው ሰው ለዚህ አልጣለም።

"ይኸው" አለ የኔ ድምፅ። "ከኔ ጋር ነበር። ውሃ እንኳ አልነካውም።"

"አውቅ ነበር" አለ ቨርሊን።

እጄን ላንኳኳ አንስቼ ነበር፤ ከበሩ አንድ ስንዝር ላይ ቀረ። ብገባ የሚገባው እኔ ነኝ፤ ደብተሩን በመቆስቆሻ የገፋሁት። ውስጥ ያለው ደግሞ ያ ሌላው ነው፣ ያስቀመጠለት። ያች ጎጆ ለሁለታችን አትበቃም። እጄን አወረድኩና የእርምጃዬ ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ ብዬ እየረገጥኩ ተመለስኩ።

ዳር ደርሼ ዞር ስል ነው የታየኝ። ሌሊት የጣለው በረዶ ላይ የጫማዬ ዱካ ቀጥ ብሎ እስከ በሩ ይሄዳል፣ እዚያ ይቆማል፣ ይመለሳል። ሲወጣ ያየዋል።